የነዳጅ ቧንቧውና የአዳማ ሰው፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እትም በዚህ አምድ ስለ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ጥቂት ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው የመጣው ከዚሁ ከአዳማ ነው። አዳማ የቦቴ መንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ነዳጅ በደጃችን ያልፋል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ ከዚያ መንገድ ይበላሉ። እኔም የቦቴ ሾፌር ልጅ ነኝ። ኋላም ነዳጅ ዴፖ ውስጥ በልኬት ሥራ ላይ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእናንተ ሰጥቻለሁ። ስማችን አይጠቀስ ያላችሁ ስለበዛችሁ የማንንም ስም አላወጣሁም።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ፍራንኮ አካባቢ በር፣ መስኮትና የውሃ ታንከር ማስቀመጫ እበይዳለሁ። አንድ ሰው በቴሌግራም አግኝቶኝ ታንዛኒያ ውስጥ አዲስ የነዳጅ ቧንቧ እየተሠራ ስለሆነ በያጅ ይፈልጋሉ፣ ደሞዙ በዶላር ነው አለኝ። ለፕሮሰስ 85 ሺህ ብር ቅድሚያ ክፈል ይላል። እናቴ ወርቋን ልትሸጥልኝ ነው። ልሂድ ወይስ ልተው?»

ልጄ፣ ወርቁ አይሸጥ። መጀመሪያ ይሄን ልበልህና ምክንያቱን ላስረዳህ።

ሰውየው የሚያወራለት ፕሮጀክት እውነተኛ ነው። አደጋውም እዚያ ላይ ነው፤ ውሸት እውነት ላይ ሲንጠላጠል ያሳምናል። የምሥራቅ አፍሪካ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ የሚባለው መስመር ከኡጋንዳ ሆይማ ተነስቶ ታንዛኒያ ውስጥ ታንጋ ከተባለችው የወደብ ከተማ አጠገብ ቾንጎሊያኒ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 1,443 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 296ቱ ኡጋንዳ፣ የቀረው 1,147 ታንዛኒያ ውስጥ ነው። የቧንቧው ስፋት 24 ኢንች፣ የአንዱ ቁራጭ ርዝመት 18 ሜትር ነው። አስላው። ከ80 ሺህ በላይ ቁራጭ ነው ጫፍና ጫፉ የሚበየደው። «በያጅ ይፈልጋሉ» ቢልህ ለምን እንዳመንከው ይገባኛል።

አሁን ግን ያልነገረህን ስማ። እንዲህ ያለ ረጅም መስመር ላይ ዋናው ብየዳ በአብዛኛው የሚሠራው በማሽን ነው። በእጅ የሚበይዱት በፈተና ያለፉና ወረቀቱን የያዙ ናቸው። ከዚያም በላይ ኡጋንዳም ታንዛኒያም በነዳጅ ዘርፍ ሥራው ቅድሚያ ለዜጎቻቸው እንዲሰጥ በሕግ ደንግገዋል። የራሳቸው ወጣት እኮ እንዳንተው ሥራ ይፈልጋል። ደግሞ ግንባታው አሁን የሚጀመር አይደለም፤ ከግማሽ ካለፈ ቆይቷል። በቧንቧ ሥራ ላይ በያጅ በብዛት የሚቀጠረው መጀመሪያና መሃል ላይ ነው። መስመሩ እየተገጣጠመ ሲሄድ በያጅ ይሰናበታል እንጂ አዲስ አይጠራም።

ገንዘቡን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ሕጉ የቪዛውን፣ የጉዞውን፣ የሥራ ፈቃዱንና የመድን ዋስትናውን ወጪ አሠሪው ላይ ነው የጣለው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። «ፕሮሰስ» ተብሎ 85 ሺህ ብር የሚከፈልበት ቦታ የለም። ሰው የሚልከውም ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ እንጂ የቴሌግራም ወዳጅ አይደለም። የኤጀንሲውን ስም ጠይቀውና ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ ፈቃድ እንዳለው አጣራ። ስም ስትጠይቀው መልስ ካጠፋ ወይም ከተቆጣ መልስህን አገኘህ ማለት ነው።

ልጄ፣ ሙያህን ግን አትናቀው። በር የሚበይድ እጅ ቧንቧ መበየድን መማር ይችላል። በነዳጅ ቧንቧ ዓለም የሚፈለገው ፈተና 6ጂ ይባላል። ቧንቧው 45 ዲግሪ ተጋድሞ ይታሰራል። አይዞርልህም። አንተ ነህ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር እየዞርክ የምትበይደው። የመጀመሪያው ሥር ብየዳ ካልገባ የላዩ ቢያምርም ዋጋ የለውም፤ ኤክስሬይ ውስጡን ያወጣዋል። አረፋ ወይም የብየዳ ቆሻሻ ከተገኘ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል። ይህን ሙያ የሚፈልግ ደግሞ ታንዛኒያ ብቻ አይደለም። ወንጂና መተሐራ ቅርብህ ናቸው። ስኳር ፋብሪካ ማለት ከሞላ ጎደል የእንፋሎት ቧንቧና ቦይለር ማለት ነው። የነዳጅ ዴፖም ታንከሩና መስመሩ ሁሌ ጥገና ይፈልጋል። የእናትህን ወርቅ የሚያህል ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደህ ስለ ቧንቧ ብየዳ ሥልጠናና ስለ ሙያ ብቃት ምዘና ጠይቅ። ሄጄ ልሞክር ካልክ ደግሞ መጀመሪያ ወረቀቱን ያዝ፤ ያኔ አንተ ነህ ዋጋ የምትጠራው።

«የባጃጅ ሾፌር ነኝ። ቤንዚን ለመቅዳት ሌሊት ወጥቼ ሰልፍ የምይዝበት ጊዜ አለ። ኡጋንዳ ላይ ነዳጅ የሚያወጣው የፈረንሳይ ኩባንያ እዚህም ማደያዎች ላይ ስሙ አለ። ኩባንያው እዚያ ሲስፋፋ እዚህ ሰልፉ አይቀንስም ወይ?»

አይቀንስም። ጥያቄህ ግን ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚዞረው ነው።

ማደያው ላይ የተሰቀለው ስም የአከፋፋዩ ስም ነው። ነዳጁ የተገዛው በእሱ አይደለም። ለሀገሪቱ ነዳጅ ከውጭ ሲገዛ የኖረው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት። መርከቡ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ቦቴ ይጭናል፣ ለየማደያው ይከፋፈላል። ቀይም ይሁን ሰማያዊ፣ ቢጫም ይሁን አረንጓዴ ምልክት ያለው ማደያ የሚቀዳልህ ቤንዚን ከአንድ ምንጭ ነው። ዴፖ ውስጥ ስሠራ ይህን ለሰው ሳስረዳ ማንም አያምነኝም ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ በዚያ ቧንቧ የሚሄደው ድፍድፍ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ባጃጅ አያስነሳም። መጀመሪያ ማጣሪያ ገብቶ፣ ሞቆ፣ ቤንዚኑ፣ ናፍታው፣ ነጭ ጋዙ ለየብቻ መውጣት አለበት። የኡጋንዳው ድፍድፍ ደግሞ ታንጋ ደርሶ መርከብ ላይ ይጫንና ለዓለም ገበያ ይሸጣል። ኡጋንዳ ራሷ ቤንዚን ከውጭ ነው የምታስገባው። በቀን 60 ሺህ በርሜል የሚያጣራ ማጣሪያ ሆይማ ላይ ለመሥራት ከአንድ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ኩባንያ ጋር የተፈራረመችው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ነዳጁ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 እንደሆነ አስታውስ።

የቧንቧውን ባለቤቶች ብታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልሃል። 62 በመቶው የፈረንሳዩ ቶታል ኢነርጂስ ነው። የኡጋንዳና የታንዛኒያ የመንግሥት ነዳጅ ድርጅቶች 15፣ 15 በመቶ አላቸው። የቻይናው ሲኖክ 8 በመቶ። እኔ ስለ ማንኛውም ቧንቧ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ጫፉ የት ነው ብዬ ነው። ቧንቧ የሚሠራው ጫፉ ላይ ላለው ገዢ ነው፤ በመሃል ለሚያልፍበት ሰው አይደለም። ጫፉ መርከብ ከሆነ ነዳጁ ለመርከቡ ነው። ጫፉ ማጣሪያ ከሆነ፣ ማጣሪያውም ለሀገር ገበያ የሚሠራ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ ባጃጅ ሰልፍ ልናወራ እንችላለን።

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቧንቧው በኤሌክትሪክ ይሞቃል የሚል አነበብኩ። ነዳጅ ማሞቅ አደገኛ አይደለም? ለምንስ ይሞቃል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ቀኔ ብሩህ ይሆናል።

የኡጋንዳው ድፍድፍ ሰም ይበዛበታል። ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ ይፈሳል። ሲቀዘቅዝ ግን ሰሙ ይረጋል። በደጋ ጠዋት የቅቤ ዕቃ ከፍተሽ ታውቂያለሽ አይደል? እንደዚያ። ስለዚህ ቧንቧው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት እንዲይዝ ይደረጋል። ብረቱ በወፍራም መከላከያ ይለበጣል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ ታንዛኒያ ውስጥ ንዜጋ በተባለ ወረዳ ፋብሪካ ተተክሏል። ከመከላከያው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉም መሬት ውስጥ ይቀበራል። በዓለም ከተሠሩት በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ቧንቧዎች ረጅሙ ይኸው ነው።

አደጋውን በተመለከተ፣ 50 ዲግሪ ድፍድፍን አያቀጣጥልም። ለማቀጣጠል እሳትና አየር ይፈልጋል፤ በነዳጅ የተሞላ ቧንቧ ውስጥ ደግሞ አየር የለም። የሚያስፈራው መፍሰሱ ነው። ፍሳሹ ወንዝ ወይም ሐይቅ ከገባ ለዓመታት አይለቅም። መስመሩ የቪክቶሪያ ሐይቅን ተፋሰስ ያቋርጣል። በዚህ ምክንያት ብዙ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ተቃውመውታል፤ በርካታ የምዕራብ ባንኮችም ገንዘብ አናበድርም ብለዋል። ካምፓላ ላይ ተቃውመው አደባባይ የወጡ ተማሪዎች ታስረዋል። ባንቺ ዕድሜ አካባቢ ያሉ ናቸው። ሐይቃቸው ይጠበቅ ማለታቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ መታሰራቸውም አሳዝኖኛል።

አንድ ስሌት ልስጥሽ። 24 ኢንች ስፋትና 1,443 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ ስንት ይይዛል? ብትሠሪው ከ2 ሚሊዮን በርሜል በላይ ይመጣልሻል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። መስመሩ በቀን እስከ 246 ሺህ በርሜል እንዲያስተላልፍ ነው የተነደፈው። ስለዚህ ሆይማ የገባች አንዲት ጠብታ ታንጋ ለመድረስ አሥር ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ሰው ፈጠን ብሎ በእግሩ ከሚሄደው ብዙም አትበልጥም። በመንገድ ላይ ስድስት የፓምፕ ጣቢያዎች ይገፏታል፤ ሁለቱ ኡጋንዳ፣ አራቱ ታንዛኒያ።

ሙቀቱና ግፊቱ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ከጎረቤታችን ማየት ይቻላል። የደቡብ ሱዳን ድፍድፍም ሰም ይበዛበታል፤ በሱዳን አቋርጦ ነው ፖርት ሱዳን የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ሱዳን ውስጥ በጦርነቱ አካባቢ ለፓምፕ ጣቢያዎቹ የሚሆን ናፍታ ጠፋ። ድፍድፉ ቧንቧው ውስጥ ረጋ፣ መስመሩም ተሰበረ። ዋናው መስመር ለአንድ ዓመት ያህል ቆመ። የደቡብ ሱዳን መንግሥት ገቢ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከነዳጅ ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ያለ ደሞዝ ቆየ። መምህራን፣ ነርሶች፣ ሁሉም። ፊዚክስ ስትማሪ ስለ መርጋትና ስለ ሙቀት የምታነቢው ነገር የሰው እንጀራ ላይ እንዲህ ይደርሳል።

«ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የቦቴ ሾፌር ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ከጅቡቲ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ቦቴ ሊቀር ነው ሲሉ ሰማሁ። ቤት ለመጨረስ ብድር ውስጥ ገብተናል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። እውነት ነው?»

እህቴ፣ ጭንቀትዎ ገብቶኛል። እናቴም እንዲሁ ስትጨነቅ ነው ያሳደገችን።

የሰሙት ወሬ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያና ጅቡቲ ከሁለት ኩባንያዎች ጋር ስምምነት ፈርመው ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር፣ 20 ኢንች ስፋት ያለው ቧንቧ። ድፍድፍ አልነበረም የሚያስተላልፈው፤ የተጣራ ናፍታ፣ ቤንዚንና የአውሮፕላን ነዳጅ ነው። ዋጋው 1.55 ቢሊዮን ዶላር፣ አቅሙ በቀን 240 ሺህ በርሜል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ያልቃል ተባለ። 240 ሺህ በርሜል ማለት 38 ሚሊዮን ሊትር ነው። አንድ ቦቴ ከነተሳቢው 45 ሺህ ሊትር ይጭናል ብለን ብናስብ፣ በየቀኑ ከ800 በላይ ቦቴ የሚጭነውን ማለት ነው። ያን ጊዜ ዴፖው ግቢ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ቧንቧው አልተሠራም። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ ያ አቅም ሀገራችን በቀን ከምትጠቀመው እጅግ ይበልጥ ነበር። እንዲህ ያለ መስመር የሚሠራ ኩባንያ ገንዘቡን የሚመልሰው ከማስተላለፊያ ክፍያ ነው። ክፍያውም በዶላር ነው። ቧንቧው ግማሹ ባዶ ቢሄድ ኪሳራውን ማን ይሸፍናል? ዶላር ላጠረባት ሀገር ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ነገ ሌላ ኩባንያ መጥቶ እሠራዋለሁ ቢልስ? ያኔም ነገሩ በአንድ ሌሊት አይሆንም። የኡጋንዳው ነዳጅ በ2006 ተገኝቶ ቧንቧው ይሠራ የሚለው የመጨረሻ ውሳኔ የተፈረመው በ2022 ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። 16 ዓመት። መጀመሪያ በኬንያ በኩል ይሂድ ተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ታንዛኒያ ዞረ። ከዚያ የመሬት ካሳ፣ ከዚያ የባንክ ብድር። ቧንቧ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። የመሬት ቀያሹ፣ የካሳ ኮሚቴው፣ ሜዳ ላይ የሚከመረው ብረት፣ ይሄ ሁሉ ከነዳጁ ዓመታት ቀድሞ ይመጣል። የቤታችሁን ብድር በዚህ ወሬ ምክንያት አታስተጓጉሉ።

እውነቱን ልደብቅዎ ግን አልፈልግም። ቧንቧ አንድ ቀን ቢዘረጋ ረጅሙን የጋላፊ መንገድ የሚሠራው ሾፌር ይጎዳል። አዋሽ ላይ ከሚያበቃ ቧንቧ ወደ አዳማ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳና ጅማ የሚያደርሰው አሁንም ቦቴ ነው። ስለዚህ ሥራው አይጠፋም፤ ያጥራል። አጭር ጉዞ ደግሞ አበሉ ትንሽ ነው። በሌላ በኩል ባልዎ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ልጆች አባታቸውን ያያሉ። እኔ አባቴን በልጅነቴ በአብዛኛው የማስታውሰው ሲተኛ ነው።

አባቴ የአሰብን መንገድ እንደ መዳፉ ያውቅ ነበር። አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረ ማጣሪያ ነበረን። ድፍድፉ በመርከብ እዚያ ይመጣል፣ ተጣርቶ በቦቴ ወደ መሃል ሀገር ይገባል። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። በዓመቱ ጦርነቱ መጣና መንገዱም ተዘጋ። አባቴንና ጓደኞቹን ከዚያ መንገድ ያስወጣቸው ቧንቧ አልነበረም፤ ድንበር ነበር። ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞሩ። አዲስ መንገድ፣ አዲስ ኬላ፣ አዲስ ወደብ። ችግር አይተናል፤ ግን ቤታችን አልፈረሰም። ባለቤትዎ መንጃ ፈቃዱንና የአደገኛ ጭነት ሥልጠናውን ያድስ። ነዳጅ መጫን የሚችል ሾፌር ሌላም ፈሳሽ መጫን ይችላል።

የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ሌላ ነገርም መጣብኝ፤ ለሁሉም አንባቢ ነው። ቦቴ ሲገለበጥ ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው አለ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አትሩጡ። የቤንዚን ትነት በዓይን አይታይም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አንድ ሲጋራ፣ አንድ የባጃጅ ሞተር ይበቃዋል። ልጆቻችሁንም አርቁ። ቀድማችሁ ሾፌሩንና ረዳቱን አውጡ፣ ከዚያ ራቁ።

«ቦሰት ወረዳ፣ ወለንጪቲ አጠገብ ነው የምንኖረው። አባቴ አርሶ አደር ነው። አንድ ደላላ መጥቶ የነዳጅ መስመር በመሬታችሁ ስለሚያልፍ ሳይወሰድባችሁ ሽጡልኝ ይላል። ምን እናድርግ?»

አትፈርሙ። ምንም ወረቀት ላይ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ደላላው የሚሰጣችሁ ገንዘብ ሕግ የማያውቀው ገንዘብ ነው። ደግሞ ቅድም ያልኩት፣ በፈረንጅ የ2015ቱ የጅቡቲ ቧንቧ ዕቅድ ራሱ መጨረሻው አዋሽ ነበር፤ ቦሰት ድረስ አይመጣም። እውነት መስመር የሚያልፍ ቢሆን የሚነግራችሁ ደላላ አይደለም። የወረዳው መሬት አስተዳደር በጽሑፍ ነው የሚያሳውቀው።

ለወደፊቱ ግን የኡጋንዳና የታንዛኒያ ገበሬዎች ያዩትን ማወቅ ይጠቅማችኋል። ቧንቧው 30 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ነው የወሰደው። የተነኩት አባወራዎች 13 ሺህ ገደማ ናቸው። ንብረታቸው ተቆጠረ፣ ዋጋ ወጣ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ቡናም ሙዝም አትትከሉ ተባለ። ክፍያው ግን ለብዙዎች ዓመታት ዘገየ። በመሃል የሸቀጥ ዋጋ ወጣ፣ ማሳው ጦሙን አደረ። ስሞታው እስከ ፓሪስ ፍርድ ቤት ሄዷል። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ የመጠበቅ ዘመን ነው። የካሳው ገንዘብ ሲደርስ ሲቆጠር የነበረውን ያህል አይገዛም።

ስለዚህ ለአባትህ ንገርልኝ። የይዞታ ደብተሩ በእጁ ይኑር፤ ከሌለው አሁኑኑ ይጠይቅ። በየዓመቱ ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ስንት ኩንታል በቆሎ እንዳገኘ ደብተር ላይ ይጻፍ። ልጁ አንተ ጻፍለት። የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለተነጠቀና ምትክ ላልተሰጠው አርሶ አደር ካሳውን የሚያሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ወስዶ በ15 በማባዛት ነው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ የተሻሻሉ አንቀጾች ስላሉት አዲሱን ቅጂ ከወረዳው ጠይቁ። ገቢው ካልተጻፈ በምን ይባዛል? ዛፎቹን፣ አጥሩን፣ የውሃ ጉድጓዱን በስልክህ ፎቶ አንሳቸው። ቧንቧ ቢያልፍም ባያልፍም ይህ መዝገብ አይጎዳችሁም።

«መምህር ነኝ። በኦጋዴን የተገኘው ነዳጅ ሲወጣ አዳማ ላይ የናፍታ ዋጋ ይወርዳል ብዬ ለተማሪዎቼ ብናገር ስህተት ይሆንብኛል?»

መምህር፣ ለጊዜው እንዲያ ባይሉ ይሻላል። መጀመሪያ ጋዝና ድፍድፍ ይለዩላቸው።

ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ በተባለው ቦታ ያለው በዋነኛነት የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ኦጋዴን ሂላላ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ለሙከራ መውጣት መጀመሩ ተነገረ፤ ያን ቀን አዳማ ላይ ሰው ተቃቅፎ ሲደሰት አይቻለሁ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው የካሉብ ጋዝ ፋብሪካ ተመረቀ። ጋዙ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፤ አቅሙ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው። በዚያው ሰሞን ጎዴ ላይ ለድፍድፍ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ለናይጄሪያው ባለሀብት ለዳንጎቴ የማዳበሪያ ፋብሪካም እንዲሁ፤ ለእሱም ጋዙ በቧንቧ ወደ ጎዴ ነው የሚሄደው። ማዳበሪያው ለቦሰት አርሶ አደር ከናፍታው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። እኔ ከሁሉም የምጓጓው ለዚያ ነው።

የናፍታ ዋጋ ግን እዚህ የሚወሰነው በዓለም ገበያና በዶላር ምንዛሪ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ቀስ በቀስ እያነሳ መጥቷል። ድፍድፉ ከእኛ ጉድጓድ ቢወጣም ያወጣው ኩባንያ በዓለም ዋጋ ነው የሚሸጠው። ጥቅሙ ያለው ዶላር በመቆጠቡ፣ በሮያሊቲው (ኩባንያው ካወጣው ላይ ለመንግሥት በሚከፍለው ድርሻ) እና በግብሩ ነው። ይህ ደግሞ በውሉ ላይ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ይወሰናል።

ተማሪዎቹ ካርታ ላይ ይሥሩት። ሂላላን ያግኙ፣ ጎዴን ያግኙ፣ ከዚያ አዳማን። ርቀቱን ይለኩ። ከጎዴ የተጣራው ናፍታ አዳማ እስኪደርስ በምን እንደሚጓጓዝና የመንገዱ ዋጋ ከጅቡቲው ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ ያስሉ። ውጤቱን ብትልኩልኝ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።